የግድግዳ ሰዓት አፈታት፦ ከድንጋዩ እስከ ቆጣሪዎቹ

በባትሪ ድንጋይ ከሚሠሩ የቤት ዕቃዎች መካከል ፈትቶ ለመማር የግድግዳ ሰዓትን የሚያህል የለም። የሚጎርሰው አንድ ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ ብቻ ስለሆነ ሰው አይይዝም። ከዚያም በላይ ሥራውን የሚሠራው በዓይን እየታየ ነው። ሞባይል ብትከፍቱ የምታገኙት ዝም ያለ ቦርድ ነው፤ ሰዓት ስትከፍቱ ግን ኤሌክትሪኩ ማግኔት ሲሆን፣ ማግኔቱ ማርሽ ሲገፋ፣ ማርሹ ደቂቃና ሰዓት ሲለካ ታያላችሁ። ቆሞ የተጣለ ሰዓት ቤት ውስጥ ካለ እሱን ምረጡ፤ ስትፈቱት ለምን እንደቆመም ትደርሱበታላችሁ።

ለጀማሪ የማይሆነውንም እንናገር። ሶኬት ላይ ተሰክተው ቻርጅ የሚደረጉ የእጅ ባትሪዎችና ፋኖሶች ከሰዓት ጋር አንድ ዓይነት መስለው ሊታዩ ይችላሉ፤ አይደሉም። ብዙዎቹ ርካሾች ትራንስፎርመር የላቸውም፤ 220 ቮልቱን የሚያሳንሱት በአንድ ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ በሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ፣ ብቻ ነው። ስለዚህ ሶኬት ላይ እያሉ የውስጥ ሽቦዎቻቸውን መንካት የግድግዳውን መስመር እንደመንካት ነው፤ ከተነቀሉ በኋላም ካፓሲተሩ ለጊዜው ሊይዝ ይችላል። ሊቲየም ባትሪ ያለበት ዕቃም በካቻቢቴ ጫፍ ከተወጋ ሊቃጠል ይችላል። በሰዓት ጀምሩ።

የሚያስፈልገው

ትንሽ ካቻቢቴ፣ አንድ ባለ መስቀልና አንድ ጠፍጣፋ፤ ፒንሳ፤ ሁለት የሻይ ማንኪያ፤ ጥቂት ስቴኪኒ፤ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ፤ ጥጥ፤ ትንሽ አቼቶ ወይም ሎሚ፤ ቴስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያ። ቴስተር ከሌለ አብዛኛው ሥራ ያለ እሱም ይሠራል፣ ነገር ግን ኮይሉ፣ ማለትም በውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል፣ ደህና መሆኑን በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም። ወረንጦ ካላችሁ የፕላስቲክ ወይም የእንጨት ይሁን። ብረት የሆነ ወረንጦ ትንሿን ማግኔት እየሳበ ያስቸግራል።

ሥራውን ጠርዝ ባለው ትሪ ላይ፣ ነጭ ጨርቅ አንጥፋችሁ ሥሩ። የሚወጡት ማርሾች አንዳንዶቹ ከምስር ፍሬ ብዙ አይበልጡም፤ ወለል ላይ ከወደቁ አይገኙም። ሕፃን በአካባቢው ካለ ማግኔቷንና ትንንሾቹን ማርሾች ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ አስቀምጡ። ስልካችሁን አጠገባችሁ አድርጉና በየደረጃው ፎቶ አንሱ፤ መልሶ በመግጠም ጊዜ ከማስታወስ ይልቅ ፎቶ ይታመናል።

ሳይከፈት የሚታይ

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቸኩሎ ያልፋል። ሰዓቱ ሳይፈታ የሚሰጠው ፍንጭ ግን ከተፈታ በኋላ አይገኝም።

መጀመሪያ ሰከንድ ቆጣሪው የቆመበትን ቦታ እዩ። 9 ቁጥር አካባቢ ቆሞ በየሰከንዱ እየተንቀጠቀጠ ወደፊት የማይሄድ ከሆነ ድንጋዩ ደክሟል ማለት ነው። ለምን 9 ላይ? ሰከንድ ቆጣሪው እዚያ አግድም ተዘርግቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ክብደቱ ማሽኑን ከሌላው ቦታ ሁሉ ይበልጥ የሚጎትተው እዚያ ነው። 3 ቁጥር አካባቢ ግን ክብደቱ ራሱ ወደ ታች እየጎተተ ያግዘዋል።

ቀጥሎ ጆሮ አስጠጉ። ቲክ የሚል ድምፅ እየተሰማ ቆጣሪው ካልተንቀሳቀሰ የኤሌክትሪኩ ክፍል ደህና ነው፤ ችግሩ ማርሾቹ ጋ ወይም ቆጣሪዎቹ ጋ ነው። ጭራሽ ድምፅ ከሌለ ድንጋዩን፣ የድንጋዩን መያዣ፣ ኮይሉንና ቦርዱን በዚህ ቅደም ተከተል ትጠረጥራላችሁ።

ድንጋዩን አውጡና በቴስተር ለኩት። አዲስ ድንጋይ 1.5 ቮልት ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ያሳያል። ከ1.2 በታች ከሆነ ለሰዓት አልቋል። ቻርጅ የሚደረጉት ድንጋዮች ከመነሻቸው 1.2 ቮልት ስለሆኑ አንዳንድ ሰዓት በእነሱ ደክሞ ይሄዳል ወይም ጭራሽ አይነሳም።

የድንጋዩን መያዣ ሞላና ሳህን መርምሩ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ ድንጋዩ አልቅሷል፣ ማለትም ፈሳሹ ወጥቷል። እዚህ ላይ የድንጋዩ ዓይነት ለውጥ ያመጣል። ተራው የካርቦን ድንጋይ ቆርቆሮው ራሱ ዚንክ ነው፤ ኤሌክትሪክ በሰጠ ቁጥር ቆርቆሮው እየተበላ ይሳሳና መጨረሻ ላይ ይበሳል። ስለዚህ ያለቀን የካርቦን ድንጋይ ሰዓት ውስጥ ትቶ መርሳት ሰዓቱን እንደመግደል ነው። ከእሱ የሚወጣው ፈሳሽ ወደ አሲድ ያደላል፤ በትንሹ እርጥብ በሆነ ጥጥ ተጠርጎ ወዲያው ይደርቃል። አልካላይን ድንጋይ ግን የሚያፈሰው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ የአሲድ ተቃራኒ ስለሆነ አቼቶ ወይም ሎሚ የነካ ጥጥ ያረክሰዋል፤ ከዚያ በውሃ የራሰ ጥጥ፣ ቀጥሎ ደረቅ። ሁለቱም ቆዳ ያሳክካሉ፤ ስትጨርሱ እጃችሁን ታጠቡ፣ በመሃል ዓይናችሁን አትንኩ። ዝገቱ ከሳህኑ ካልለቀቀ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብላችሁ እስኪያብረቀርቅ ፈትጉት። ብዙ የሞቱ ሰዓቶች የሚነሡት በዚህ ብቻ ነው።

ቆጣሪዎቹን ማውጣት

ድንጋዩ ይውጣ። ከኋላ ያለችውን ማስተካከያ ጎማ አዙራችሁ ሰዓት ቆጣሪውንና ደቂቃ ቆጣሪውን 12 ላይ አጋጥሟቸው፤ መልሶ ለመግጠም መነሻችሁ ይህ ነው። መስታወቱ ወይም ፕላስቲኩ ከኋላ በብሎን ወይም በዙሪያው ባሉ መንጠቆዎች ይያዛል። መንጠቆዎቹን አንድ በአንድ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ወደ ውጭ ገፋ እያደረጋችሁ ልቀቁ፤ የደረቀ ፕላስቲክ በአንድ ጊዜ ከተጎተተ ይሰበራል።

ሰከንድ ቆጣሪው በቀጭን እንጨት መሳይ ዘንግ ላይ ተጭኖ ብቻ የተቀመጠ ነው። መሃሉን በሁለት ጥፍር ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡት፤ ወደ ጎን ከተጎተተ ዘንጉ ይጣመማል፣ የተጣመመ ዘንግ ደግሞ አይቃናም። ደቂቃ ቆጣሪው በአንዳንዱ ሰዓት በትንሽ ዳዶ ይታሰራል፣ በሌላው ተጭኖ ብቻ ይቀመጣል። ሰዓት ቆጣሪው ሁልጊዜ ተጭኖ የሚቀመጥ ነው። እንቢ ካለ ፊቱ ላይ ወረቀት አስቀምጡና ሁለቱን የሻይ ማንኪያዎች ከግራና ከቀኝ በሥሩ አስገብታችሁ እኩል አንሡት። በአንድ ወገን ብቻ መፈልቀቅ ፊቱን ይፍቃል፣ ቆጣሪውንም ያጣምማል።

አሁን መሃል ላይ የነሐስ መልክ ያለው ዳዶ ይታያል፤ በሥሩ ሮንዴላ ይኖራል። ማሽኑን ከኋላ በእጃችሁ ይዛችሁ ዳዶውን በፒንሳ ወደ ግራ አዙሩ። የነሐሱ ጥርስ ለስላሳ ስለሆነ ፒንሳው እንዳያንሸራትት ጥብቅ አድርጋችሁ ያዙት። ዳዶ የሌላቸው ርካሽ ሰዓቶች ማሽናቸው ከኋላ በመንጠቆ ብቻ ተይዞ ነው፤ ገፋ ሲደረግ ይወጣል። በእጃችሁ የቀረችው ጥቁር ሳጥን፣ ጎኗ 56 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነች፣ ሰዓቱ ራሱ እሷ ናት። የቀረው ጌጥ ነው።

ማሽኑን መክፈት

በሳጥኗ ጎኖች ላይ መንጠቆዎች አሉ። ከመክፈታችሁ በፊት ከፊትና ከኋላ ፎቶ አንሡ። ካቻቢቴ አንድ መንጠቆ ላይ አስገብታችሁ ክፍተቱ ተመልሶ እንዳይዘጋ ስቴኪኒ ሰኩበት፣ ከዚያ ወደ ሚቀጥለው። ሁሉም ሲለቁ ክዳኑን ቀጥ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አንሡ። ማርሾች ከክዳኑ ጋር ተለጥፈው መነሣት ከጀመሩ ወዲያው መልሱት፣ ሳጥኗን ገልብጡና ከሌላው ወገን ክፈቱ። ማርሾቹ በሥራቸው ባለው ግማሽ ላይ ተቀምጠው መቅረት አለባቸው።

ምንም ሳትነኩ እዩ፤ ፎቶም አንሡ። አምስት ነገር ትለያላችሁ፦ በቀጭን የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመ ኮይል፤ በኮይሉ ውስጥ አልፎ ወደ አንድ ክብ ቀዳዳ የሚደርስ የብረት ሳህን፣ ስታተር የሚባለው፤ በቀዳዳው ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ ማግኔት ከነማርሹ፣ ሮተር የሚባለው፤ ትንሽ ቦርድ፤ ከዚያ ነጭ ወይም ባለ ቀለም የፕላስቲክ ማርሾች።

ዋናው ሙከራ

ማርሾቹን ከማንሣታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ፤ ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህ ይሁን። ድንጋዩን ከመያዣው ውጭ አድርጉ። የኮይሉ ሁለት ጫፎች ቦርዱ ላይ የሚያርፉባቸውን ሁለት ነጥቦች ፈልጉ። ሁለት አጫጭር ሽቦዎችን ከድንጋዩ ሁለት ጫፎች ጋር ይዛችሁ ነጥቦቹን ለቅጽበት ንኩ።

ሮተሩ ግማሽ ዙር ይዞራል፤ ካልዞረ ሽቦዎቹን አቀያይራችሁ ንኩ። ደግማችሁ በዚያው አቅጣጫ ንኩ፤ አይዞርም። አሁን ሽቦዎቹን አቀያይሩ፣ ፕላሱ የነበረበት ማይነስ ይሁን፤ ሌላ ግማሽ ዙር። እንደገና አቀያይሩ፣ እንደገና ግማሽ ዙር። ሰዓቱን በእጃችሁ እየነዳችሁት ነው፤ እያንዳንዱ ንክኪ አንድ ሰከንድ ነው።

የሆነው ይህ ነው። ሮተሩ ሁለት ዋልታ ብቻ ያለው ማግኔት ነው። ኮይሉ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ስታተሩ ማግኔት ይሆናል፤ ተመሳሳይ ዋልታዎች ይገፋፋሉ፣ ሮተሩ ይገለበጣል። በዚያው አቅጣጫ ስትደግሙት አስቀድሞ ወደ ፈለገበት ዞሯልና የሚገፋው የለም። ስለዚህ ቦርዱ በየሰከንዱ የኤሌክትሪኩን አቅጣጫ እያቀያየረ ይልካል፤ አንዱን ሰከንድ በዚህ፣ ሌላውን በዚያ።

ታዲያ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞረው ለምንድን ነው? የስታተሩን ቀዳዳ ጠጋ ብላችሁ እዩ። ፍጹም ክብ አይደለም፤ ጥቃቅን ጎድጓዳዎች ወይም በትንሹ የተዛነፉ ግማሽ ክቦች አሉት። በዚህ የተነሣ ሮተሩ ኤሌክትሪክ በሌለበት ጊዜ የሚያርፈው ከዋልታዎቹ ትይዩ ሳይሆን ወደ አንድ ጎን ጋደል ብሎ ነው። ግፊቱ ሲመጣ የጋደለበት ወገን ይቀልለዋል። ግፊቱ ካበቃም በኋላ ማግኔቱ ራሱ ቀሪውን መንገድ ስቦ ይጨርሰዋል። ይህን ሞተር ያሰበው ፈረንሳዊው መሐንዲስ ማሪየስ ላቬት በ1936 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ዛሬ በየግድግዳው የሚመታው አብዛኛው ሰዓትም የሚሄደው በዚሁ ነው። ስታተሩ ተገልብጦ ከተገጠመ ጋደል የሚልበት ወገን ስለሚለወጥ ሰዓቱ ብዙውን ጊዜ ወደ ኋላ ይሄዳል። መልሳችሁ ገጥማችሁ ወደ ኋላ ከሄደባችሁ ሌላ ነገር አትፈልጉ።

ሮተሩ በሁለቱም አቅጣጫ ካልተንቀሳቀሰ ቴስተሩን ኦም ላይ (ሽቦው ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚገታ የሚለካበት) አድርጋችሁ የኮይሉን ሁለት ጫፎች ለኩ። ደህና የግድግዳ ሰዓት ኮይል ብዙ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር ኦም ያሳያል። ምንም ካልነበበ ሽቦው ተቆርጧል። የሚቆረጠውም አብዛኛውን ጊዜ ከቦርዱ ጋር በተበየደበት ጫፍ ነው፤ ከፀጉር የቀጠነ ስለሆነ ጥፍር እንኳ ይበጥሰዋል። የሚያሳየው ኦም ደህና ሆኖ ሮተሩ እንቢ ካለ ደግሞ በስታተሩና በሮተሩ መካከል የብረት ብናኝ ገብቶ ይሆናል፤ ማግኔት ስለሆነ ከአየር ላይ ብናኝ ይሰበስባል። በተጣባቂ ፕላስተር ጫፍ ነካ ነካ አድርጋችሁ አንሡለት።

ቦርዱ ላይ ያለው

ቦርዱ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ልታዩ ትችላላችሁ፤ ማንቂያ ደወል ያለው ከሆነ ጥቂት ይጨመራል። አንደኛው ጥቁር ጠብታ የመሰለ ነው። ጠብታው ሽፋን ነው፤ ቺፑ ከሥሩ ነው፤ ሊከፈትም ሊጠገንም አይችልም። ሌላው ከሩዝ ፍሬ ተለቅ ያለ የሚያብረቀርቅ የብረት ቱቦ ነው። የሰዓቱን ምት የሚሰጠው ክሪስታል በውስጡ ነው።

ይህን ቱቦ ትርፍ ካላችሁና ብትሰብሩት፣ ውስጡ እንደ ሹካ ሁለት ጣት ያለው ቀጭን የኳርትዝ ቅጠል ታገኛላችሁ። ኳርትዝ ሲጫን ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ኤሌክትሪክ ሲሰጠው ደግሞ ይታጠፋል። የመጀመሪያውን ባሕርይ ዣክና ፒዬር ኩሪ የተባሉ ወንድማማቾች በ1880፣ ሁለተኛውን በ1881 አሳዩ። በሰዓቱ ውስጥ ያለው ሹካ በሰከንድ 32,768 ጊዜ እንዲርገበገብ ተደርጎ የተቆረጠ ነው። ቁጥሩ ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም። ለሁለት ስትከፍሉት 16,384 ይሆናል፤ እንደገና 8,192፤ እንዲህ እያላችሁ 15 ጊዜ ስትከፍሉት ልክ 1 ላይ ትደርሳላችሁ። ቺፑ ሥራው ይኸው ነው፦ 15 ጊዜ ለሁለት መክፈልና በየሰከንዱ ኮይሉን ለአጭር ጊዜ መግፋት። በብዙ ማሽኖች ግፊቱ የሚቆየው ከሰከንድ 32ኛውን ያህል ብቻ ነው፤ በቀረው ጊዜ ኮይሉ ምንም አይበላም።

ድንጋይ ለምን ዓመት እንደሚያገለግል ከዚህ ማስላት ትችላላችሁ። ኮይላችሁ 300 ኦም ካነበበ 1.5ን ለ300 ስታካፍሉ 5 ሚሊ አምፒር ይመጣል፤ ለ32 ስታካፍሉት በአማካይ 0.16 ሚሊ አምፒር ያህል። በቀን ወደ 3.75 ሚሊ አምፒር ሰዓት ይሆናል። 2,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚይዝ አልካላይን ድንጋይ በዚህ ስሌት ከ500 ቀን በላይ ይሄዳል። ሰከንድ ቆጣሪው ሳይዘል እየተንሸራተተ የሚሄድ ዝምተኛ ሰዓት ግን በሰከንድ ብዙ ጊዜ ስለሚገፋ ድንጋይ ቶሎ ይጨርሳል።

ቦርዱ ግፊት መላኩን ለማየት ድንጋዩን መልሱና ቴስተሩን በዝቅተኛው የዲሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ የኮይሉን ሁለት ነጥቦች ንኩ። ባለ መርፌ ቴስተር አንዴ ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎ ወደ ግራ ሲነቃነቅ ይታያል። ዲጂታሉ ግፊቱ በጣም አጭር ስለሆነበት ቁጥሩን ያርገበግባል እንጂ ትክክለኛውን አያነብም፤ በዚህ አትሳሳቱ። በኤልኢዲ አምፖል እንሞክር አትበሉ፤ ቀዩ እንኳ ለመብራት ከ1.5 ቮልት በላይ ይፈልጋል። ኮይሉ ደህና ሆኖ ግፊት ከሌለ ክሪስታሉ ወይም ቺፑ ሞቷል። ክሪስታል መውደቅ አይወድም፤ ከግድግዳ ወድቆ መስታወቱ ሳይሰበር ዝም ያለ ሰዓት ብዙ ጊዜ በሽታው ይህ ነው።

ማርሾቹ

አሁን ማርሾቹን አንድ በአንድ አንሡና ጨርቁ ላይ በወጡበት ቅደም ተከተል ደርድሯቸው። ሮተሩ መጨረሻ ይውጣ፤ ስታተሩ ስለሚስበው በስቴኪኒ ጫፍ ከሥሩ አንሥታችሁ አላቁት።

ሮተሩ በሰከንድ ግማሽ ዙር ከዞረ በደቂቃ 30 ዙር ነው፤ በሰዓት 1,800፤ በቀን 43,200። ሰከንድ ቆጣሪው በደቂቃ አንድ ዙር ብቻ መሄድ ስላለበት 30ው ወደ 1 መውረድ አለበት። ይህ በሁለት እርምጃ ይሠራል። ለምሳሌ ሮተሩ ላይ ያለችው ማርሽ 12 ጥርስ ኖሯት ባለ 60ውን ብትገፋ 5 ጊዜ ይቀንሳል፤ ከዚያ ባለ 10 ጥርሷ ሌላ ባለ 60 ብትገፋ 6 ጊዜ፤ 5 በ6 ሲባዛ 30። የእናንተን ማሽን ጥርሶች ራሳችሁ ቁጠሩ፤ የምታገኙት ቁጥር ከዚህ ይለያል፣ ብዜቱ ግን 30 መምጣት አለበት። ካልመጣ ቆጠራችሁ ተሳስቷል። ከሰከንድ ወደ ደቂቃ ቅነሳው 60፣ ከደቂቃ ወደ ሰዓት 12 ነው።

መሃል ላይ ሦስት ዘንጎች አንዱ በሌላው ውስጥ እንደሚያልፉ ትመለከታላችሁ፦ ውጨኛው ሰፊ ቱቦ የሰዓት፣ በውስጡ ያለው ቱቦ የደቂቃ፣ መሃሉ ዘንግ የሰከንድ። የሰዓቱና የደቂቃው ማርሾች በአንድ መሃል ላይ ስለሚዞሩ በመካከላቸው ያለችው ድርብ ማርሽ ከሁለቱም ጋር በእኩል ርቀት መግጠም አለባት። ለዚህ ነው ጥርሶቹ ለምሳሌ 10 ከ30፣ 8 ከ32 የሚሆኑት፤ ሁለቱም ጥንዶች ድምራቸው 40 ነው፣ ቅነሳቸው ደግሞ 3 በ4፣ ማለትም 12።

የደቂቃውን ማርሽ ለይታችሁ እዩት። ማርሹንና ዘንጉን በሁለት እጅ ይዛችሁ ብታዞሩ ጥብቅ ብሎ ይንሸራተታል። ተበላሽቶ አይደለም፤ እንዲህ የተሠራው ሆን ተብሎ ነው። ከኋላ ጎማዋን ስታዞሩ ደቂቃና ሰዓት ቆጣሪዎቹ እንዲዞሩ፣ ሮተሩና ሰከንዱ ግን እንዳይጎተቱ የሚያደርገው ይህ መንሸራተት ነው። ከላላ ደግሞ ሰከንድ ቆጣሪው በትክክል እየሄደ ደቂቃው ይዘገያል፤ ይህን ምልክት ካያችሁ ድንጋይ መቀየር ምንም አይጠቅምም።

ከእንግዲህ ጽዳት። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ የማርሾቹን ጥርስና የሚያርፉባቸውን ቀዳዳዎች ጥረጉ፤ ፀጉርና የብርድ ልብስ ብናኝ ብዙ ጊዜ የሚጠመጠመው በዘንግ ሥር ነው። ዘይት አታድርጉ። የምግብ ዘይትም የስፌት መኪና ዘይትም ሰዓቱን የሚያነሣው ለሳምንት ነው፤ ከዚያ አቧራ ይዞ ሙጫ ይሆናል። እነዚህ ማርሾች በደረቁ እንዲሠሩ የተሠሩ ናቸው። ዘይቱ የሚንሸራተተውን የደቂቃ ማርሽ ካገኘው ደግሞ ከላይ ያልነውን ችግር ያመጣል።

መልሶ መግጠም

ሮተሩ መጀመሪያ፣ ከዚያ በፎቶው ቅደም ተከተል ሌሎቹ። ክዳኑን ስታስቀምጡ አትጫኑ። የየማርሹ ዘንግ ጫፍ በክዳኑ ላይ ወዳለው ቀዳዳ መግባት አለበት፤ አንዱ ካልገባ ክዳኑ ያነክሳል። ማስተካከያ ጎማዋን በቀስታ እያዞራችሁ ክዳኑን በጣት ነካ ነካ አድርጉ፤ ሁሉም ሲገቡ ራሱ ይወርዳል፣ መንጠቆዎቹም ቀጭ ይላሉ። በግድ የተዘጋ ክዳን ዘንግ ይሰብራል፤ እዚህ ደረጃ ላይ የሚበላሽ ሰዓት በሌላው ደረጃ ሁሉ ከሚበላሸው ይበልጣል።

ቆጣሪዎቹን ሳትገጥሙ ድንጋዩን አስገቡና ሰከንድ ዘንጉ መሄዱን አረጋግጡ። ከዚያ ማሽኑን በቦታው አድርጋችሁ ዳዶውን በእጅ፣ ቀጥሎ በፒንሳ ለስለስ አድርጋችሁ እሰሩ። ሰዓት ቆጣሪውን 12 ላይ፣ ደቂቃ ቆጣሪውን 12 ላይ፣ ሰከንድ ቆጣሪውንም እንዲሁ። ሦስቱም እርስ በርስ እንዳይነካኩ፣ መስታወቱንም እንዳይነኩ፣ በመካከላቸው ክፍተት መኖሩን ከጎን ዝቅ ብላችሁ እዩ። ጎማዋን አዙራችሁ 12 ሰዓት ሙሉ ዙር አስኪዱት፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚነካካ ቆጣሪ በቀን ሁለት ጊዜ ሰዓቱን እየያዘ ምክንያቱ የማይታወቅ መዘግየት ያመጣል።

ሰዓቱን በሀገር ቤት አቆጣጠር ወይም በውጭው የምታስተካክሉት እንደ ቤታችሁ ልማድ ነው፤ ማሽኑ አይለይም። ልዩነቱ 6 ሰዓት ስለሆነ ደቂቃ ቆጣሪው በሁለቱም አንድ ቦታ ነው፣ ሰዓት ቆጣሪው ግን ልክ በትይዩ። ውጭ ሀገር ለሚኖሩ ሁለቱን የሚያሳይ ሰዓት ለመሥራት ከሰዓት ቆጣሪው መሃል በተቃራኒ ወገን ቀለል ያለ ባለ ቀለም ወረቀት መለጠፍ ይበቃል፤ አንዱ ጫፍ ከጠዋቱ 1 ሰዓትን ሲያሳይ ሌላው 7ን ያሳያል። ወረቀቱ ከከበደ ግን የደቂቃውን ማርሽ መንሸራተት ይፈትናል፣ ስስ ይሁን።

ከገጠማችሁ በኋላ በስልካችሁ ሰዓት አስተካክላችሁ ለ10 ቀን ተዉትና ልዩነቱን ለኩ። በ10 ቀን እስከ 15 ሰከንድ ያህል ቢለይ ማሽኑ ጤነኛ ነው። ደቂቃዎች ከዘገየ ክሪስታሉን አትውቀሱ፤ ክሪስታል ይህን ያህል አይስትም፣ የሆነ ነገር እየያዘው ነው ወይም ድንጋዩ ደክሟል። የሙቀት ነገርም አለ፦ ሹካ መሳዩ ክሪስታል ልክ የሚሆነው 25 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲሆን፣ ከዚያ ቢሞቅም ቢቀዘቅዝም ይዘገያል እንጂ አይፈጥንም። 40 ዲግሪ በሆነ ቆላ ቤት በወር 20 ሰከንድ ያህል ይጎድለዋል፤ 10 ዲግሪ በሆነ ደጋ ቤትም በዚያው ልክ። ከምድጃ በላይ የተሰቀለ ሰዓት ለብቻው የሚዘገየው አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ሌላው ጭሱና ዘይቱ ማርሾቹ ላይ የሚያርፈው ነው፣ ስለዚህ ቦታውን ቀይሩለት።